ከፓራፋንጎው ጀርባ

ሌባው የወሰደው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ነጯ አውቶሞቢል ለቡ ውስጥ በአቶ ደገፋ ግቢ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። ከግራ የፊት ጎማዋ በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ባለሙያዎች ፓራፋንጎ የሚሉት፣ ተፈትቶ ተወስዷል። መብራቷ በሽቦው ተንጠልጥሏል። መስታወት አልተሰበረም፤ በር አልተፈለቀቀም፤ ሬዲዮው፣ ባትሪው፣ ትርፍ ጎማው ሁሉም በቦታው አለ።

ኢንስፔክተር ውብነሽ ማሞ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት።

«ሙሉዋን ነድቶ መሄድ ሲችል!» አለ ሳጅን ፍሮምሳ። «ኢንስፔክተር፣ እንዲህ ዓይነት ጾመኛ ሌባ አይቼ አላውቅም።»

«ቀልዱን ተወውና በሩን በምን እንደከፈተው ንገረኝ።»

አቶ ደገፋ የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቸርች ነበርን» አሉ። «ባለቤቴ ወርቄ ጉልበቷን ስላመማት ቤት ቀረች። ኳ ኳ ሲል ሰምታ ወጣች። ገፈተራት። ክንዷ ተሰበረ። ለቆርቆሮ! ለቆርቆሮ ተብሎ ሰው ይሰበራል?»

«የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ» አለች ልጃቸው አያንቱ። «አንድ ብቻ ነው ያለን። ሻጩ ሲሸጥልን ‹ሁለተኛው ጠፍቷል› አለን።»

ውብነሽ ይህን በማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሳትጨርስ ፍሮምሳ ከጎማው ሥር አንድ መዶሻ በጓንት አነሳ። እጀታው ከአንገቱ ሥር ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሰባት ዙር። ውብነሽ መቁጠር አላስፈለጋትም። ስምንት ዓመቷ እያለ የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ጨብጣ «አጥብቀሽ ያዢ» ይሏት የነበሩት አባቷ ናቸው ያጠመጠሙት። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ለቅሶው ቤት ውስጥ ይህንኑ መዶሻ ለደቀ መዝሙራቸው ለጋሽ ኢሉ በእጃቸው ላይ ያኖረችው እሷ ራሷ ነች።

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ራቀባት። «ጻፍ። የአባቴ መዶሻ ነበር። አሁን የጋሽ ኢሉ ነው። የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ባትላሜራ ናቸው፤ ጎፋ።»

ፍሮምሳ እስክሪብቶውን አቆመ። «ልጻፈው?»

«ጻፈው አልኩህ።»

*

ወይዘሮ ወርቄ ሆስፒታል ውስጥ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ተኝተዋል። ፊቱን አላዩትም። ጭምብል አድርጎ፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ነበር።

«እንደ መካኒክ ነው የለበሰው» አሉ። «ግን ልጄ፣ ቱታው የመታጠፊያው መስመር ገና አልለቀቀውም። ከወደቅሁ በኋላ ያየሁት ጫማውን ነው። ነጭ ነው። ወተት የመሰለ።»

ኮሪደሩ ላይ አያንቱ ስለ መኪናዋ ነገረቻቸው። ከሦስት ወር በፊት አቶ ሚሳኤል ከሚባል የጎፋ ሰው፣ ኮርሳ በሚባል ደላላ በኩል ነው የገዟት። አዲስ ስትገባ የአምስት ዓመት ዋስትና ነበራት፤ ሁለቱ ይቀራል።

«አባዬ የመረጣት ለዋስትናው ብሎ ነው። እማዬን ለሕክምና የምናመላልስባት ስለሆነች መንገድ ላይ እንዳትቆምብን። አየናት፣ ነዳናት፣ ሊብሬውን አየን፣ የዋስትና ደብተሩን አየን። ምንም የላትም። ሐሙስ ዕለት ግን አስመጪው ድርጅት ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ቀለም የሚለካ መሣሪያ ፓራፋንጎው ላይ አስጠግቶ ‹እህቴ፣ እዚህ ውስጥ የተጎዳውን የሚሞሉበት ስቱኮ አለ፤ ተገጭታ ተሸፍና ነው፤ ለዚህ ዋስትና አንሰጥም› አለኝ። ሰኞ ፈትተን ከጀርባው እናያለን ተባባልን።»

«ይህን ለማን ነገራችሁ?»

«ለሻጩና ለደላላው። አባዬ ደውሎ ጮኸባቸው።»

ውብነሽና ፍሮምሳ ተያዩ። ፓራፋንጎው ሰኞ ሊፈታ ነበር። አንድ ሰው እሑድ ፈታው።

*

ጎፋ ያለው ጋራዥ በሩን አልቀየረም። ያው ሰማያዊ ቀለም፣ ያው የዘይት ሽታ፣ ያው ግድግዳው ላይ በመጠናቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች። ውብነሽ ትምህርት ቤት ስትለቀቅ ቤት አትሄድም ነበር፤ እዚህ ነበር የምትመጣው። አባቷ ማሞ የቀለም እጃቸውን ጠርገው «ነይ፣ ይህቺን አንኳኪልኝ» ይሏታል። በጣቶቿ መገጣጠሚያ የመኪናውን ጎን ትመታለች። ያልተነካው ቆርቆሮ ጥርት ብሎ ይጮሃል። ስቱኮ የተሞላበት ግን ድምፁ ይታፈናል። «አገኘሽው?» ይሏታል። «እዚህ ጋ አባዬ!» ትላለች፤ እሳቸውም ለተሰበሰበው ሠራተኛ «አያችሁ፣ መሣሪያ አያስፈልገኝም፣ ልጅ አለኝ» ይሉ ነበር።

ማሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። የተገጨ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ሲጨርሱ፣ ቀለም ከመቀባታቸው በፊት፣ ከጀርባው በምስማር ቀኑንና የገጨውን ነገር ይጽፋሉ። በሬ። ግንብ። የመብራት እንጨት። «ነገ የሚከፍተው ሰው ከምን እንደሚጀምር ይወቅ» ነበር ምክንያታቸው። አንድ ቀን ምስማሩን ለእሷ ሰጥተዋት «ጋሪ» ብላ ጽፋለች። ከደብተሯ ውጭ የጻፈችው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ያቺ ታክሲ ዛሬ የት ደርሳ ይሆን?

«ውቤ!» ጋሽ ኢሉ ከአንድ ፒክ አፕ ሥር እየተንፏቀቁ ወጡ። «በእሑድ ቀን? ምነው፣ ቆርቆሮ ልታስመቺ ነው?»

«መዶሻው የታለ ጋሼ?»

የሽማግሌው ሳቅ ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«አርብ ጠፋ። ሰው ሲገባ ሲወጣ ነው የዋለው፤ ግቢውን ታውቂው የለ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? የአባትሽን መዶሻ ጣልኩ ብዬ?»

የሆነውን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወርቄ ክንዳቸው መሰበሩን ሲሰሙ ቀስ ብለው ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ነጯን መኪና የሠሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ። ባለቤቷ ሚሳኤል አመጣት።»

«ከጀርባው ምን ጻፉ?»

ጋሽ ኢሉ አንድ ጊዜ የጠረጉትን እጃቸውን እንደገና በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። እጃቸው ንጹሕ ነበር።

«ረሳሁት» አሉ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠሩትን የታክሲ ታርጋ በቃላቸው የሚጠሩ ሰው ናቸው። ውብነሽ ጠበቀች። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። እሑድ ማን ይመጣል?»

ፍሮምሳ ወደ በሩ ጎትቶ አወጣት። «መዶሻው የሳቸው፣ ሥራው የሳቸው፣ ያያቸው ሰው የለም። የሚደብቁትም ነገር አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘነው ነበር።»

«ሌላ ሰው ናቸው» አለች። «ያዛቸው።»

ጋሽ ኢሉ አልተከራከሩም። የጋራዡን በር ራሳቸው ቆልፈው ቁልፉን በመዳፏ ላይ አኖሩ። «አንቺው ያዢው» አሉ።

ክሱ ቀላል አልነበረም፤ አካል ያጎደለ ዝርፊያ ነው። ጋሽ ኢሉ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከገቡ በሕይወት የመውጣታቸው ነገር ያጠራጥራል። ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ሀና ተቀምጣለች። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ትመጣለች። ባሏ ሉቃስ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ነፋስ ስልክ መንገድ ላይ ማለዳ ወደ ሥራው ሲሻገር አንድ ነጭ መኪና ገጭቶት አመለጠ።

«ተገኘ?» አለች እንደ ሁልጊዜው።

«ገና ነው እህቴ።»

«እሺ። በሚቀጥለው እመጣለሁ።»

ውብነሽ ዓይኗን ከመንገዱ ላይ ነቅላ ወደ ደላላው ሄደች።

ኮርሳ መኪኖች በተደረደሩበት ሜዳ ዳር ሻይ እየጠጣ አገኙት። ስለ እሑድ ሲጠየቅ ከወንበሩ ዘለለ።

«እኔ? እኔ እኮ እሑድ ሚዜ ነበርኩ! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ!» ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፈተ። ኮርሳ ከረባት አስሮ፣ ላብ አጥምቆት እስክስታ ይወርዳል። «እዩት እስቲ፣ ይሄ ትከሻ ፓራፋንጎ የሚፈታ ይመስላል?»

ፍሮምሳ ሳቁን ዋጠው። ሰዓቱን አዩት፤ ወይዘሮ ወርቄ ከተገፈተሩበት ጋር አንድ ነው።

«መኪናዋ መገጨቷን ታውቅ ነበር?» አለች ውብነሽ።

«እንደው... ደላላ ሁሉን ካወቀ ምን ይሸጣል? ሚሳኤል ‹ንጹሕ ናት› አለኝ፤ ‹ንጹሕ ናት› አልኩ። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ‹ከጎፋም ከነፋስ ስልክም ሰው እንዳታመጣ፣ ራቅ ያለ ሰው ፈልግ› ብሎኝ ነበር።»

«አቶ ደገፋ ሐሙስ ከደወሉ በኋላስ?»

«አርብ ይዞኝ ጋሽ ኢሉ ጋራዥ ሄደ። ‹ሲፈቱት ምን ያያሉ?› ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ስልክ እያወራሁ ነበር፤ የመለሱለትን አልሰማሁም። ብቻ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቦርሳውንም እንዲህ ደረቱ ላይ አቅፎ።»

*

ሚሳኤል በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አነጋገሩ የተለሰለሰ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ። ኢንስፔክተር፣ ከዚህ በፊት ሳንተያይ አንቀርም።»

ውብነሽ አላስታወሰችውም። በረንዳው ላይ ግን አንድ ጥንድ ነጭ የስፖርት ጫማ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ለቡ ትናንት ጭቃ ነበር።

«እሑድ ቤት ነበርኩ» አለ። «የግቢውን ዘበኛ ጠይቁ፤ አዲሷ መኪናዬ ከበር አልወጣችም። አሮጊቷ ወደቁ ሲባል ሰምቼ አዘንኩ። ያ ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር።»

«ባለፈው ዓመት እሳቸው ጋ አሠርተዋታል?»

«በፍጹም። እኔ እጅ እያለች ጭረት አልነካትም። ከተገጨችም እነሱ እጅ ነው፤ ልጅቷ ለማጅ ናት። ደብተሩን ይዩት እንጂ። የየካቲቱ ምርመራ ላይ ‹አካሏ ጤነኛ› ተብሎ ተጽፎላታል፣ ማህተም አርፎበታል። ከእኔ ይልቅ እሱን ይመኑ።»

ዘበኛውም ቃሉን ደገፈ። መኪናዋ አልወጣችም። ሚሳኤልስ? «በእግሩ ወደ ሱቅ መሰለኝ» አለ ዘበኛው። «ሲመለስ አላየሁትም፤ ቁርስ ላይ ነበርኩ።»

«የአንድ ሰው ቃል በሌላ ሰው ቃል ላይ» አለ ፍሮምሳ መንገድ ላይ። «አንዱ ቤት ተቀምጧል፣ አንዱ ታስሯል። ዳኛው ማንን እንደሚያምን ይታወቃል።»

*

የዋስትና ደብተሩ ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። ሌባው አልነካውም። ለምን ይነካዋል? ጠበቃው እሱ ነው።

«ቀኖቹን አንብብልኝ» አለች ውብነሽ። ዓይኗን ጨፍና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። አባቷም የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ድርጅቱ ዋስትናውን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፍሮምሳ ገጹን እየገለጠ አነበበ። «አሥራ ሁለት፣ ኦገስት፣ ሃያ ሃያ ሦስት። ዘጠኝ፣ ኖቬምበር። ይሄኛው ሚሳኤል ያለው ነው፤ ሠላሳ፣ ፌብሩዋሪ፣ ሃያ ሃያ አራት፤ ‹አካሏ ጤነኛ›። ከዚያ አምስት፣ ጁን...»

«ተመለስ። ያንን እንደገና።»

«ሠላሳ፣ ፌብሩ...» ፍሮምሳ ቆመ። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዞረው። «ፌብሩዋሪ ሠላሳ አለው እንዴ?»

«የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው። የእነሱ ፌብሩዋሪ ግን ያን ዓመት ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው ያለቀው። ድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ይሄን የጻፈው የእኛን ቀን ይዞ ስምንት የደመረበት ሰው ነው።»

«ሐሰተኛ ገጽ!» ፍሮምሳ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «ከሠላሳ ላይ ስምንት ሲነሳ ሃያ ሁለት። የካቲት ሃያ ሁለት። ግን ለምን ያንኑ ቀን መረጠ?»

ውብነሽ ቀኑን ታውቀዋለች። በየወሩ አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ይዛው ትመጣለች።

መሳቢያዋን ከፈተችና የሉቃስን ፋይል አወጣች። የካቲት 22 ቀን 2016። ነጭ አውቶሞቢል። ሦስተኛው ገጽ ላይ በአካባቢው ነጭ መኪና ያላቸው ሰዎች ዝርዝር አለ፤ ያኔ ቤት ለቤት ተዙሮ የተጠየቁ። አሥራ አራተኛው ሚሳኤል ነው። ከስሙ ጎን «መኪናው በዕለቱ ድርጅቱ ጋራዥ ለምርመራ ገብቶ እንደነበረ የዋስትና ደብተሩ ያሳያል» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ።

ፍሮምሳ ፊርማውን አየና ወደ እሷ ቀና አለ።

የራሷ ነበር።

*

ወደ ድርጅቱ ደወሉ፤ በዚያ ገጽ የተመዘገበ ምርመራ እንደሌለ፣ ማህተሙም የእነሱ እንዳልሆነ ተነገራቸው። የብርበራ ፈቃዱ ከቀትር በኋላ ወጣ። ፓራፋንጎው የሚሳኤል ጣሪያ ላይ፣ ከውሃው ታንከር ጀርባ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ ተገኘ። አንድ የባጃጅ ሹፌርም እሑድ ጠዋት ቱታ ለባሽ ሰው «የጠረጴዛ ክዳን ነው» ብሎ ይህንኑ አንሶላ እንዳሳፈረው መሰከረ። ቱታው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ «ጠፍቷል» የተባለው ሁለተኛ ቁልፍ አለ።

ሚሳኤል ለስላሳ ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረው።

«ኢንስፔክተር፣ ገና አልነጋም ነበር። ውሻ መስሎኝ ነው።»

«ውሻ መስሎህ ነው ማህተም ያስቀረጽከው?» አለች ውብነሽ።

ያኔ ታጥቦ የደረቀው ጫማው አጠገብ ቁጭ አለ። ጥርጣሬው በሳቸው ላይ እንዲወድቅ አርብ ዕለት መዶሻውን ከጋሽ ኢሉ ጠረጴዛ ላይ ያነሳው እሱ ነበር። ሽማግሌው «ቆርቆሮው ሲነሳ ከጀርባው የጻፍኩት ይታያል» ብለውት ነበርና።

*

ማክሰኞ ጠዋት ፓራፋንጎው ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ጋሽ ኢሉ ከእስር ተፈትተው አጠገቡ ቆመዋል። ውብነሽ ከልማዷ ጣቷን አጥፋ አንኳኳችው። ድምፁ ታፈነ።

«እዚህ ጋ» አለች።

«እዚያ ጋ» አሉ ጋሽ ኢሉ።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። በስሱ ከተቀባው የዝገት መከላከያ ሥር የምስማር ጽሑፍ ወጣ።

22/6/16። ውሻ ነው አለ።

ውብነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በአባቷ ጋራዥ በመቶ የሚቆጠር ቆርቆሮ ጀርባ አይታለች። በሬ፣ ግንብ፣ ጋሪ። «አለ» የሚል አይታ አታውቅም።

«የተጎዳበት ቦታ ከፍ ያለ ነበር» አሉ ጋሽ ኢሉ ዓይናቸውን ከጽሑፉ ሳያነሱ። «ውሻ እዚያ አይደርስም። ‹ውሻ› ብዬ ልጽፍ ምስማሩን አሳረፍኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ቀባሁት።»

«ለምን አልጠየቁትም ጋሼ?»

«ቢነግረኝስ ብዬ ፈራሁ።» ከንፈራቸውን ነከሱ። «አባትሽ ቢሆኑ ይጠይቁት ነበር። እሑድ ስትመጪ ደግሞ አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ አፈርኩ።»

ውብነሽ የሉቃስን ፋይል ሦስተኛ ገጽ ከፍታ ፊታቸው አኖረችው። ጋሽ ኢሉ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ፤ ፊርማው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«አባዬ እኔንም ይጠይቀኝ ነበር» አለች። «ደብተሩን በእጄ ይዤው ነበር ጋሼ። ሠላሳ የሚለውን አይቼ ‹አመሰግናለሁ› ብዬ ነው የወጣሁት።»

ጋሽ ኢሉ ፋይሉን ቀስ ብለው ዘጉት።

«የእኔን ትጽፊዋለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«እጽፈዋለሁ። ፍርድ ቤት ይጠሩዎታል።»

«ጻፊው።» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «መዶሻውስ?»

«ለጊዜው ኤግዚቢት ነው።» የጋራዡን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ መለሰችላቸው። «ሲለቀቅ እኔው አመጣዋለሁ።»

ጋሽ ኢሉ ሄዱ። ፍሮምሳ ሪፖርቱን ለመጻፍ ወረቀት አዘጋጅቶ ተቀመጠ።

«ከየት ልጀምር ኢንስፔክተር? ከእሑዱ?»

«ከባለፈው ዓመት የካቲት። ከእኔ ፊርማ።»

«ልጻፈው?»

«ጻፈው።»

ከዚያ ብቻዋን ወጣች። የሀና ቤት ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሀና በሩ ላይ ልብስ እያሰጣች አገኘቻት። ፖሊስ ወደ ቤቷ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» አለች ውብነሽ። ሀና ጨርቁን ወደ ፊቷ ስትወስድ ጠበቀቻት። ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ አጠገቧ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ቁጭ በይ እህቴ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ያመለጠው ሰው ቤት፣ በአራተኛው ቀን፣ አንዲት ፖሊስ ሄዳ ነበር።»